አቼቶ፣ ሎሚ፣ ሶዳ፦ የቱ ለየትኛው ቆሻሻ? ከበረኪና ጋርስ?

ስልካችን ላይ የሚመላለሱት የጽዳት ቪዲዮዎች አንድ ዓይነት ናቸው። ሶዳ ይነሰነሳል፣ አቼቶ ይፈስበታል፣ አረፋው ይገነፍላል፣ ቤቱ ያበራል። አረፋው ግን ለዓይን ነው እንጂ ብዙም አያጸዳም። አቼቶ አሲድ ነው፤ ቤኪንግ ሶዳ ደግሞ የአሲድ ተቃራኒ። ሲገናኙ አንዱ የሌላውን ጉልበት ያጠፋል። ለየብቻ ከተጠቀማችሁባቸው ግን ሁለቱም ጎበዝ ናቸው። ዋናው ነገር ቆሻሻውን መለየት ነው።

1. ከውሃ ለሚቀር ነጭ ጋገር፦ አቼቶ ወይም ሎሚ
በራድና የኤሌክትሪክ ውሃ ማፍያ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ነገር በብዛት ከውሃው የቀረ ካልሲየም ነው። ሳሙና አያስለቅቀውም፤ አሲድ ግን ያሟሟዋል። ውሃና አቼቶ እኩል ጨምሩና አሙቁት። አጥፍታችሁ ግማሽ ሰዓት ተዉትና ድፉት። ከዚያ ንጹህ ውሃ አንዴ አፍልታችሁ ድፉ፤ አለዚያ ሻያችሁ አቼቶ አቼቶ ይላል። አቼቶ ከሌለ የሁለት ሎሚ ጭማቂ በውሃ በቂ ነው።

2. ለቅባትና ላረረ ድስት፦ ሶዳ
ያረረውን የሚሸፍን ውሃና 2 የሾርባ ማንኪያ ሶዳ ጨምራችሁ 10 ደቂቃ አፍሉት። ሲቀዘቅዝ በእንጨት ማንኪያ ፈቅፍቁት። እናቶቻችን ድስት በአመድ ሲያሹ የኖሩት ያለ ምክንያት አይደለም፤ አመድም እንደ ሶዳ የአሲድ ተቃራኒ ስለሆነ ቅባት ያስለቅቃል። የአሉሚኒየም ድስት ላይ ግን ሶዳ አትጠቀሙ፣ ያጠቁረዋል።

3. ለሽታና ለእድፍ
- ፍሪጅ፦ ሶዳ በክፍት ሰሃን አስቀምጡ።
- ሽንኩርት ሽንኩርት የሚል የእንጨት መክተፊያ፦ ጨው ነስንሱና በግማሽ ሎሚ እሹት።
- እርድ ቢጫ ያደረገው የፕላስቲክ ዕቃ፦ አጥባችሁ ፀሐይ ላይ አስጡት። የእርድን ቀለም ፀሐይ ያደበዝዘዋል።

የማይሆንበት ቦታ
አሲድ እምነ በረድንና የሲሚንቶ ሊሾን ይበላል። ስለዚህ እዚያ ላይ አቼቶም ሎሚም ይቅር። ጥሬ ሥጋ የተከተፈበት መክተፊያም በአቼቶ ብቻ አይታመንም፤ አቼቶ ሁሉንም ጀርም አይገድልም። በሙቅ ውሃና በሳሙና እጠቡት፣ ከዚያ በውሃ በተበረዘ በረኪና አስነክታችሁ በደንብ አለቅልቁት።

አሁን ወደ ትልቁ ጉዳይ
በረኪና ከአቼቶም፣ ከሎሚም፣ ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድም ጋር በፍጹም አይቀላቀልም። ሲገናኙ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል። ዓይን ያቃጥላል፣ ያስላል፣ ትንፋሽ ያሳጥራል፤ ጠባብና መስኮት የሌለው ሽንት ቤት ውስጥ ከሆነ ሊገድልም ይችላል። አሞኒያ ካለበት የመስታወት ማጽጃ ጋርም ሌላ መርዛማ ጋዝ ይፈጥራል። «ሁለቱን ባንድ ላይ ባደርግ ይበልጥ ያጸዳልኛል» የሚለው ሐሳብ ነው ሰው የሚጎዳው። ባንዱ ካጸዳችሁ በብዙ ውሃ ሳታጥቡ ሌላውን አታምጡ።

ሌላው፣ በረኪና በሃይላንድ ጠርሙስ ገልብጦ ማስቀመጥ ነው። ሕፃን ውሃ መስሎት ይጠጣዋል። በራሱ ዕቃ፣ ከፍ ያለ ቦታ ይቀመጥ።

«ተፈጥሯዊ ነው» ማለትም «አይጎዳም» ማለት አይደለም። እንዶድ ልብስ ያነጣል፤ ግን እ.ኤ.አ. በ1964 ዶ/ር አክሊሉ ለማ አድዋ አካባቢ በእንዶድ ልብስ በሚታጠብበት ወንዝ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተዋል። የቢልሃርዚያ ምርምራቸው የተነሳውም ከዚያ ነው።

አደጋ ከደረሰ
- ጋዝ ከሸተታችሁ ዕቃውን ለማንሳት አትቆዩ። ወዲያው ውጡ፣ በሩን ክፍት ተዉት፣ ንጹህ አየር ውሰዱ።
- በረኪና የጠጣ ሰው እንዲያስመልስ አታድርጉ። አፉን አስጉመጥምጡትና ጠርሙሱን ይዛችሁ ሐኪም ቤት ሂዱ።
- የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው።

ይህን አንብባችሁ ብቻ አትለፉ። ቤታችሁን ለሚያጸዳው ሰው ንገሩ፤ እናት ትሁን፣ እህት ወይም የቤት ሠራተኛ። የጠርሙሱን ጽሑፍ ማንበብ ለማትችለው ደግሞ አንብቡላት።