የጽጌረዳ ዘመዶች በደጋችን፦ የቀጋ፣ የእንጆሪ፣ የኮሶና የጥቁር እንጨት ታሪክ

የዕፅዋት ሊቃውንት በአበባቸውና በፍሬያቸው አሠራር እየመረመሩ በየቤተሰቡ ከመደቧቸው ተክሎች መካከል የጽጌረዳን ቤተሰብ ያህል ለሰው ልጅ ገበታም ለመድኃኒት ቤትም ያበረከተ ብዙ አይገኝም። ፖምና ኮክ፣ ፕሪምና የአትክልት ቦታ ጽጌረዳ ሁሉ የዚሁ ቤተሰብ አባላት ናቸው። በኢትዮጵያ ደጋም የዚህ ቤተሰብ ተወላጆች የሆኑ፣ ሕዝቡ ከጥንት ጀምሮ የሚያውቃቸው ዕፅዋት አሉ። ከእነዚህም ውስጥ ቀጋና እንጆሪ በምግብነት፣ ኮሶና ጥቁር እንጨት በመድኃኒትነት የየራሳቸው ታሪክ ስላላቸው፣ ይህ ጽሑፍ በአራቱ ላይ ያተኩራል። ዓመታቱ የተጻፉት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ቀጋ ነጭ አበባ የሚያወጣ እሾሃም ቁጥቋጦ ሲሆን፣ ከሰሃራ በስተደቡብ ባለው የአፍሪካ ምድር በተፈጥሮ የሚበቅል ብቸኛ የጽጌረዳ ዝርያ ነው። በሳይንስ ዓለም የታወቀበትን «ሮዛ አቢሲኒካ» የተባለውን ስም በ1820 በመጽሐፍ ያወጣው እንግሊዛዊው ጆን ሊንድሊ ነው። ፍሬው ሲበስል ይቀላል፤ እረኞችና ሕፃናትም ከየአጥሩና ከየጥሻው እየለቀሙ ይበሉታል። በውስጡ ያሉት ዘሮች ጉሮሮ የሚከረክር ፀጉር ስላላቸው የሚበላው የውጭው ሥጋ ብቻ ነው። የጽጌረዳ ፍሬ በቪታሚን ሲ የበለጸገ መሆኑ የታወቀ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ብርቱካን በባሕር ማስገባት የተሳናት ብሪታኒያ ሕዝቧን አሰማርታ የዱር ጽጌረዳ ፍሬ እያስለቀመች፣ ሽሮፕ እያስፈላች ለሕፃናት ታድል እንደ ነበር ይታወሳል። በእኛ ዘንድ የእረኛ መክሰስ ሆኖ የቀረው ፍሬ በሌላው ሀገር የመንግሥት የጤና ጉዳይ ሆኖ ነበር ማለት ነው።

እንጆሪም ዕጣው ከዚህ ብዙ አይለይም። በደን ዳርና በወንዝ አፋፍ የሚበቅለው የዱር እንጆሪ ልዩ ልዩ ዝርያዎች ሲኖሩት፣ አንደኛው ዝርያ በሀገራችን ተዘዋውሮ ዕፅዋት በሰበሰበውና በ1863 በሞተው ጀርመናዊ በሄርማን ሽቶይድነር ስም ይጠራል። ፍሬውን ሲለቅሙ የኖሩት ሰዎች ስም ግን በየትኛውም መዝገብ አልሰፈረም።

ከአራቱ ዘመዳሞች ሁሉ ሰፊ ታሪክ ያለው ኮሶ ነው። ዛፉ በአብዛኛው ከ2300 እስከ 3300 ሜትር ከፍታ ባለው ደጋ ይበቅላል፤ ወንዴና ሴቴው በየራሱ ዛፍ ላይ ሲሆን፣ ለመድኃኒት የሚፈለገው ቀላ ያለው የሴቴው አበባ ነው። ጥሬ ሥጋ መብላት በተለመደበት ሀገር የከብት ኮሶ ትል የሁሉም ሰው በሽታ ስለ ነበረ፣ መኳንንቱም ድሀውም በየወሩ ወይም በየሁለት ወሩ አበባውን አስወቅጦ፣ በውሃ ወይም በጠላ በጥብጦ በባዶ ሆዱ ይጠጣ ነበር። ኮሶ የጠጣ ሰው በዚያ ቀን ከቤቱ ስለማይወጣ ሥራም ሙግትም ለሌላ ቀን ይተላለፍለት ነበር። መራራነቱም ፊቱን ያጠቆረውን ሰው «ኮሶ የጠጣ ይመስላል» እስከ ማሰኘት ደርሷል።

የጊዜ ልኩ በከንቱ የተወሰነ አይመስልም። መድኃኒቱ የትሉን አካል አስወጥቶ ራሱን በአንጀት ግድግዳ ላይ ካስቀረ፣ ትሉ እንደ ገና አድጎ ቁርጥራጩ የሚታየው ከሁለት እስከ ሦስት ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። በዚያ ላይ ጥሬ ሥጋ መብላቱ ስለማይቋረጥ አዲስ ትል መግባቱ አይቀርም። ሕዝቡ የትሉን የሕይወት ዑደት በአጉሊ መነጽር ባያይም፣ ልማዱ ከዑደቱ ጋር የተስማማ ነበር።

ከ1769 እስከ 1771 በኢትዮጵያ የቆየው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ የኮሶን ዛፍ ከሥዕሉ ጋር አቀረበ፤ ስሙንም በጆሴፍ ባንክስ ሰየመው። ያ ስም አስቀድሞ ለአውስትራሊያ ተክል ተሰጥቶ ስለ ነበር፣ በ1791 ዮሐን ፍሪድሪሽ ግሜሊን በኬኒግስበርጉ የመድኃኒት አዋቂ በካርል ጎትፍሪድ ሃገን ስም «ሃጌኒያ» አለው። በ1824 ደግሞ ኩንት በቁስጥንጥንያ የሠራውን ፈረንሳዊ ሐኪም ብራዬርን ለማክበር ሌላ ስም አወጣለት። ከዚህ በኋላ ኮሶ በአውሮፓ ገበያ ተፈላጊ ሆነ፤ በ19ኛው መቶ ዓመት ሁለተኛ አጋማሽም በብሪታኒያና በአሜሪካ ኦፊሴላዊ የመድኃኒት መጻሕፍት ገባ።

ሆኖም ዝናው አልሰነበተም። አበባው በረጅም ጉዞና በማከማቻ ቤት ሲቆይ ኃይሉ ይደክማል፤ ነጋዴዎችም ከሴቴው ጋር የወንዴውን አበባ ይቀላቅሉ ነበር። በሀገሩ ትኩሱን ከእርጅናው፣ ሴቴውን ከወንዴው የሚለይ ዓይን ነበረ፤ ወደ ባሕር ማዶ የተጫነው ግን አበባው እንጂ ይህ ዕውቀት አልነበረም።

ኮሶ ጉዳት የሌለበት መድኃኒት አለመሆኑንም መሸሸግ አይገባም። ትሉን የሚያዝለው ኮሶቶክሲን የመሰለው ንጥረ ነገር መጠኑ ሲበዛ ሰውንም ይመርዛል፤ ብርቱ ትውከትና ተቅማጥ ከማስከተሉም በላይ የዓይንን ነርቭ ጎድቶ ብርሃን እስከ ማሳጣት ይደርሳል። ይህንኑ የሚገልጽ የሕክምና ዘገባ በ1969 በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት ታትሟል። ኒክሎሳማይድ፣ ቀጥሎም ፕራዚኳንቴል ከመጡ ወዲህ ኮሶ በከተማ ቦታውን ለቀቀ። መድኃኒት ቤት በራቀበት ገጠር ግን መጠጣቱ አልቀረም። አደጋው የሚከፋውም መጠኑን የሚያውቁት አረጋውያን እያለፉ፣ መጠጡ ብቻ ሲቀር ነው።

አራተኛው ዘመድ ጥቁር እንጨት ታሪኩ ከኮሶ ይቃረናል። ዝርያው ለሳይንስ የቀረበው ከካሜሩን ተራራ በተሰበሰበ ናሙና ሲሆን፣ በ1966 ከልጡ የሚወጣው ጭማቂ ለፕሮስቴት ዕጢ ማበጥ መድኃኒትነት በፈረንሳይ ፓተንት ወጣበት። ከዚያ በኋላ በካሜሩንና በማዳጋስካር ልጡ ዙሪያውን እየተገፈፈ የቆመ ዛፍ መድረቅ ጀመረ። ልጥ የዛፉ የምግብ መተላለፊያ ያለበት ስለሆነ፣ ዙሪያውን የተገፈፈ ዛፍ ሥሩ ተርቦ ይሞታል። ስለዚህ ዛፉ ከ1995 ጀምሮ በዓለም አቀፉ የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ ስምምነት ሁለተኛ መዝገብ ገብቶ ንግዱ በፈቃድ ሆነ። ኮሶን ገበያው ረሳው፤ ጥቁር እንጨትን ግን ገበያው አብዝቶ በመውደዱ ጎዳው።

ኮሶም ቢሆን ከገበያ ቢወጣም ከመጥረቢያ አልዳነም። ቀላ ያለው እንጨቱ ለቤት ዕቃ ስለሚፈለግ በብዙ ደጋ ተመናምኗል፤ በዚህም ምክንያት በ1994 የወጣው የደን አዋጅ እንዳይቆረጡ ከከለከላቸው የሀገር ዛፎች አንዱ ኮሶ ነበር።

ከዚህ ታሪክ ለሙያችን የሚተርፈው ትምህርት ባህላዊውን መድኃኒት በጅምላ ማወደስም ሆነ በጅምላ ማጥላላት አይደለም። ዕውቀቱ ከመጠኑ፣ ከወቅቱና ከዝግጅቱ ተነጥሎ ሲወሰድ ጥቅሙ ወደ ጉዳት እንደሚለወጥ ኮሶ ያስረዳል። በመሆኑም በየክፍለ ሀገሩ የምንሠራ የማኅበሩ አባላት፣ ዓይኑ በድንገት የደከመበት ሰው ሲመጣ ኮሶ ጠጥቶ እንደ ሆነ መጠየቅን ልማድ ልናደርግ ይገባናል። እንዲሁም አበባው መቼ እንደሚቆረጥ፣ ምን ያህል ጊዜ እንደሚቀመጥ፣ በምን እንደሚሰፈር፣ ለማንስ እንደሚከለከል ከአዋቂዎች ጠይቀን ከነስማቸው መመዝገብ ይጠበቅብናል። በተክሎቹ ስም ላይ የሃገንና የብራዬር፣ የሽቶይድነርም መታሰቢያ ተጽፏል፤ አበባውን ለክተው ያጠጡት እናቶችና አባቶች መታሰቢያ ግን እኛ ካልጻፍነው የሚጽፈው የለም።