ልጅ ያላገኙ ባለትዳሮች የልብ ሐዘን፤ ከነቀፋ ወደ ምክር የተደረገው ጉዞ



ሙሽሮች ከተጋቡ ዓመት ሲሞላቸው ዘመድ፣ ጎረቤትና የመሥሪያ ቤት ባልደረባ ቀድሞ የሚጠይቃቸው ምን እንደ ሆነ ታውቃላችሁ። ጠያቂው በቅን ልቡ ይጠይቃል፤ ተጠያቂዎቹም «እግዚአብሔር ያውቃል» ብለው በፈገግታ ያልፉታል። ዓመቶች ሲደራረቡ ግን ጥያቄው እየከበደ፣ ፈገግታውም እየሳሳ ይሄዳል። የዛሬው ንግግራችን በፈገግታ ስለሚሸፈነው ስለዚህ ሐዘን ነው፤ ይኸውም ልጅ ፈልገው ያላገኙ ሰዎች የሚሸከሙት የመንፈስ ጭንቀት በታሪክ እንዴት ይታይ እንደ ነበረና፣ እርዳታ የሚገባው መሆኑ ቀስ በቀስ እንዴት እንደ ታወቀ ለመግለጥ ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመቶች፣ የኢትዮጵያ መሆናቸው ካልተገለጠ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሐዘኑ አዲስ አይደለም። በመጀመሪያው መጽሐፈ ሳሙኤል የተጻፈውን የሐናን ታሪክ አስቡ። ጣውንቷ ፍናና በመካንነቷ ታስቆጣታለች፤ ባሏ ሕልቃና ቢወዳትም ከልጅ ይልቅ እርሱ እንደሚበልጥባት እየነገረ ሊያጽናናት ይሞክራል፤ ካህኑ ዔሊም በጸሎት ላይ ከንፈሯ ብቻ ሲንቀሳቀስ ቢያይ እንደ ሰከረች ቆጠራት። አንዱ ነቀፈ፣ ሁለተኛው ሐዘኑን አሳነሰ፣ ሦስተኛው በተሳሳተ ፈረደ። ዔሊ ግን የልቧን ኀዘን ከአፏ ከሰማ በኋላ በሰላም ባረካትና ሸኛት፤ ከዚያም ፊቷ እንደ ፊተኛው አላዘነም ይላል መጽሐፉ። ልብ በሉ፤ ይህ የሆነው ገና ሳትፀንስ ነው። የሚያዳምጣት ሰው ማግኘቷ ብቻውን ከሸክሟ አንዱን ክፍል አቀለለላት።

ሆኖም ዓለም ከዚህ ትምህርት ብዙ አልወሰደም። የመውለድ ጉዳይ ከዙፋንና ከርስት ጋር በተያያዘበት ስፍራ ሁሉ ጥፋቱ በሴቲቱ ላይ ይጣል ነበር። የፈረንሳይ ንጉሠ ነገሥት ናፖሌዎን በ1796 ዓ.ም. ያገቧቸው እቴጌ ጆዜፊን ከፊተኛው ባላቸው ሁለት ልጆች ነበሯቸው፤ ለናፖሌዎን ግን አልወለዱም። ስለዚህ በታኅሣሥ ወር 1809 ዓ.ም. ጋብቻው እንዲፈርስ ተደረገ። በዚያ ሥነ ሥርዓት ላይ እቴጌይቱ መፍታታቸውን በፈቃዳቸው የተቀበሉ መሆናቸውን የሚገልጠውን ጽሑፍ ማንበብ ቢጀምሩም፣ ልቅሶ ስላሸነፋቸው የቀረውን ሌላ ሰው አነበበላቸው። ናፖሌዎን በ1811 ዓ.ም. ከሁለተኛይቱ ሚስታቸው ወንድ ልጅ አገኙ፤ ያ ልጅ ግን በ21 ዓመቱ ሞተና ዙፋኑን ሳይወርስ ቀረ። በ1852 ዓ.ም. የፈረንሳይ ንጉሠ ነገሥት የሆነው ሦስተኛው ናፖሌዎን፣ የዚያችው የተፈታችው የጆዜፊን የልጅ ልጅ ነበር። የሰው ስሌትና የታሪክ ፍርድ ሁልጊዜ አይገናኙም።

የአካሉ ምስጢር በምርመራ መገለጥ የጀመረው በዝግታ ነው። በ1677 ዓ.ም. የሆላንዱ አንቶኒ ቫን ሌዌንሁክ በማይክሮስኮፕ የወንድን ዘር አየ፤ የሴት አጥቢ እንስሳ እንቁላል ግን እስከ 1827 ዓ.ም. ድረስ፣ ካርል ኤርንስት ፎን ባየር እስኪያገኘው ቆየ። ዛሬ ሐኪሞች የሚያውቁት ይህ ነው፤ ልጅ ካላገኙት ባለትዳሮች በግማሽ ያህሉ ዘንድ፣ ችግሩ በከፊልም ይሁን በሙሉ ከወንዱ በኩል ይገኛል። እንግዲህ ስንት ሴቶች ያለ ጥፋታቸው ከቤታቸው እንደ ተባረሩ መገመት ለአንባቢው አያዳግትም።

ሳይንስ እየገፋ ሲሄድ ነቀፋው ጠፋ ማለት ግን አይደለም፤ መልኩን ብቻ ለወጠ። በ1940ዎቹና በ1950ዎቹ ዓመቶች በአውሮፓና በአሜሪካ የነበሩ አንዳንድ የሥነ ልቡና ሐኪሞች፣ በአካሏ ምክንያት ያልተገኘባት ሴት በውስጠ ልቧ እናትነትን ስለምትፈራ ወይም ስለምትጠላ ነው የማትፀንሰው እያሉ ጻፉ። ቀድሞ ኃጢአተኛ የተባለችው ሴት አሁን ሕመምተኛ አእምሮ ያላት ተባለች። የምርመራው ጥበብ ሲሻሻል ግን «ምክንያቱ አልታወቀም» ይባል ከነበረው ብዙው አካላዊ ምክንያት ተገኘለት። በዚያን ጊዜ ጥያቄው መገልበጥ ነበረበት፤ ይኸውም «ሐዘኗ መካን አድርጓት ይሆን?» ከማለት ይልቅ «መካንነቱ ምን ያህል አሳዝኗታል?» ብሎ መጠየቅ ተገባ።

ይህን ጥያቄ በድፍረት ካነሡት አንዷ አሜሪካዊቷ ነርስ ባርባራ ኤክ ሜኒንግ ናቸው። እርሳቸው ራሳቸው ልጅ መውለድ ያልቻሉ ስለ ነበሩ፣ በ1974 ዓ.ም. በማሳቹሴትስ ግዛት ሪዞልቭ የተባለውን ማኅበር አቋቋሙ። የማኅበሩ ሥራ ቀላል የሚመስል ነበር፤ በአንድ ችግር ላይ ያሉ ሰዎች ተሰብስበው እንዲነጋገሩና ምክር እንዲያገኙ ማድረግ። ወይዘሮ ሜኒንግ የሐዘኑን መንገድ ሲገልጡ፣ በመጀመሪያ መደነቅ፣ ከዚያም አለማመን፣ ቁጣ፣ ከሰው መራቅ፣ ራስን መውቀስና ልቅሶ እንደሚከታተሉ፣ በመጨረሻም ሰው ከዕጣው ጋር ታርቆ ወደ ኑሮው እንደሚመለስ አስረዱ። የሞተ ሰው ሲኖር እዝን ይመጣል፣ ድንኳን ይተከላል፣ እድርተኛ ይሰበሰባል፤ ላልተወለደ ልጅ ግን ማንም ለቅሶ አይደርስም። የዚህ ሐዘን ክፋቱ ይህ ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው ምሳሌያችን የማኅበሩን አሳብ አሳጥሮ ይገልጠዋል።

ከአራት ዓመት በኋላ ዓለምን ያስገረመ ዜና ከእንግሊዝ አገር ተሰማ። ሐምሌ 25 ቀን 1978 ዓ.ም. በኦልድሃም ከተማ ሆስፒታል ሉዊዝ ብራውን የተባለች ሕፃን ተወለደች፤ ከሰውነት ውጭ በላቦራቶሪ ከተፀነሰ ዘር ለመወለድ የመጀመሪያዋ ናት። እናቷ ወይዘሮ ሌስሊ የማሕፀን ቱቦዎቻቸው ስለ ተዘጉ ዘጠኝ ዓመት ያህል በከንቱ ሲጠብቁ ኖረዋል። ሥራውን የፈጸሙት ሐኪሙ ፓትሪክ ስቴፕቶ፣ የሥነ ሕይወት ሊቁ ሮበርት ኤድዋርድስና ነርሷ ጂን ፐርዲ ነበሩ። በ2010 ዓ.ም. ኤድዋርድስ የኖቤል ሽልማት ሲቀበሉ ሁለቱ ባልደረቦቻቸው በሕይወት አልነበሩም።

አዲሱ ሕክምና ተስፋን አመጣ፤ ከተስፋም ጋር አዲስ ዓይነት ጭንቀት አመጣ። ሴቲቱ በየቀኑ መርፌ ትወጋለች፤ እንቁላሎቿ ይወጣሉ፤ የተፀነሰው ዘር ወደ ማሕፀኗ ከተመለሰ በኋላ ውጤቱ እስኪታወቅ ሁለት ሳምንት ያህል ትጠብቃለች። ዛሬም እንኳ በአንድ ሙከራ ልጅ የሚያገኙት ከማያገኙት ያነሱ ናቸው። ባልዮውም በበኩሉ እንዲበረታ ስለሚጠበቅበት ሐዘኑን ውጦ ይቀመጣል። የእንግሊዝ መንግሥት ይህን ሁሉ እንዲያጠና በፍልስፍና ምሁሯ በሜሪ ዋርኖክ የሚመራ ኮሚቴ አቆመ፤ ኮሚቴውም በ1984 ዓ.ም. አሳቡን አቀረበ። በዚያ መሠረት በ1990 ዓ.ም. የወጣው ሕግ፣ እንዲህ ያለውን ሕክምና የምትቀበል ሴት አስቀድማ ተገቢ የምክር አገልግሎት የማግኘት ዕድል እንዲሰጣት አዘዘ። የልብ ሐዘን በሕግ መጽሐፍ ውስጥ ስፍራ አገኘ ማለት ነው።

ጥናቶቹም ሕጉን ደገፉ። በ1993 ዓ.ም. አሊስ ዶማርና ባልደረቦቻቸው በአሜሪካ ባወጡት ጥናት፣ ልጅ ያላገኙ ሴቶች የጭንቀትና የትካዜ መጠን ከካንሰርና ከልብ ሕመምተኞች ጋር የሚተካከል ሆኖ ተገኘ። በ2011 ዓ.ም. ደግሞ ዣኪ ቧቨንና ባልደረቦቻቸው 3583 ሴቶችን ያካተቱ 14 ጥናቶችን አጠቃለው መረመሩና፣ ከሕክምናው በፊት የነበረ ጭንቀት የመፀነስን ዕድል እንዳልቀነሰ አመለከቱ። ስለዚህ «አትጨነቂ፤ ያን ጊዜ ትፀንሻለሽ» የሚለው ምክር፣ ቅን ቢመስልም፣ ለሐዘኑ ላይ ወቀሳ ይጨምራል። ምክር የሚሰጠው ልጅ እንዲያስገኝ አይደለም፤ ልጅ ቢመጣም ባይመጣም ሰውዬው እንዳይሰበር ነው። በ2023 ዓ.ም. የዓለም የጤና ድርጅት ባወጣው ግምት፣ ከስድስት ጎልማሶች አንዱ በሕይወቱ ዘመን ይህ ችግር ይገጥመዋል።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ እቴጌ ጣይቱ ብጡል ልጅ አልወለዱም፤ ነገር ግን አዲስ አበባን በ1879 የኢትዮጵያ ዓመት የቆረቆሩ፣ በ1888ም ወደ ዓድዋ የዘመቱ እርሳቸው ናቸው። ስማቸውን ስንጠራ ማን በመካንነት ያስታውሳቸዋል? ከኦሮምኛ የተገኘው «ጉዲፈቻ» የሚለው ቃላችንም፣ ያልወለዱትን ልጅ እንደ ወለዱት አድርጎ ማሳደግ በመካከላችን የቆየና በሕጋችንም የታወቀ መሆኑን ይመሰክራል። ሕክምናውም ቢሆን ሩቅ አይደለም፤ በ2011 የኢትዮጵያ ዓመት በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ልጅ ላላገኙ ሰዎች የመንግሥት የሕክምና ማዕከል ተከፍቷል። መሣሪያው መጥቷል፤ የቀረው አንደበታችንን ማረም ነው።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፤ ከዚህ ታሪክ ለዕለት ኑሯችን የሚሆን ጥቂት ነገር እናንሣ። «መካን» የሚለውን ቃል ለሰው መጠሪያ አታድርጉት። ያልተጠየቃችሁትን መድኃኒትና ያልታዘዘ ጠበል በምሳ ሰዓት አትዘዙ። ምርመራ የሚያስፈልግ ሲሆን ባልና ሚስት አብረው ይሂዱ እንጂ ሴቲቱን ብቻዋን አትስደዷት። የበታች ሠራተኛ ለሕክምና ፈቃድ ሲጠይቃችሁ ምክንያቱን በሰው ፊት አታስዘርዝሩት። እናንተም በዚህ ሐዘን ውስጥ ካላችሁ ለምታምኑት ሰው መናገር፣ ሐኪምንም ስለ አካላችሁ ብቻ ሳይሆን ስለ እንቅልፋችሁና ስለ ትካዜያችሁ መጠየቅ ነውር አይደለም። ካህኑ ዔሊ ቸኩሎ የፈረደ ቢሆንም ቆይቶ ማዳመጡ አስመስግኖታል፤ እኛ ግን ፍርዱን ትተን ከማዳመጡ እንጀምር።