ባዶ ርምጃ፦ የፍሪሲዮን ፔዳል ሥራ ከመጀመሩ በፊት

የፍሪሲዮን ፔዳልን በእጅ ቀስ ብለው ሲጫኑት መጀመሪያ ላይ ምንም አይከብድም፤ የሚመልሰው ትንሿ የፔዳሉ ሞላ ብቻ ናት። ጥቂት ከወረደ በኋላ ግን ድንገት ክብደት ይመጣል። ሞተሩንና ካምቢዮውን የማላቀቁ ሥራ የሚጀምረው እዚያች ነጥብ ላይ ነው። ፔዳሉ ካረፈበት ቦታ እስከዚያች ነጥብ ያለችውን አጭር መንገድ የእንግሊዝኛ የጥገና መጻሕፍት ‹‹ፍሪ ፕሌይ›› ይሏታል። እኔ በዚህ ጽሑፍ ‹‹ባዶ ርምጃ›› እላታለሁ።

የጋራዥ አማርኛ ለመኪና ዕቃዎች ስም አያጣም። ፍሪሲዮን፣ ማርሽ፣ ካምቢዮ፣ ፍሬን፣ ኩሽኔታ፣ ዳዶ፣ ካቻቢቴ ሁሉ ከጣልያንኛ መጥተው የእኛ ሆነዋል፤ እነሱን የሚተካ አዲስ ቃል መፍጠር ትርፉ ድካም ነው። ስም የሚያንሰው ለልኮቹ ነው። ፍሪ ፕሌይን ‹‹ነጻ እንቅስቃሴ›› ማለት ይቻላል፤ ግን ከየት እስከ የት እንደሆነ አይነግርም። ‹‹ልልነት›› ቢባል ጉድለት ይመስልና ሰሚው ለማጥበቅ ይቸኩላል። ‹‹ክፍተት›› የሚለው ቃል ደግሞ በፍሪሲዮኑ ውስጥ፣ ከማላቀቂያው ኩሽኔታ ፊት ላለው ልክ ያስፈልገናል። ‹‹ባዶ ጉዞ›› ቢባልስ? ሾፌር ጆሮ ውስጥ ሲገባ ጭነት ሳይዙ መሄድ ነው የሚሆነው። ርምጃ ግን መጀመሪያና መጨረሻ አለው፣ በማስመሪያ ይለካል፤ ባዶነቱም ሥራ የማይሠራበት መሆኑን ይናገራል። ከዚያ ቀጥሎ ያለውን፣ ሞተሩንና ካምቢዮውን የሚያላቅቀውን ክፍል ‹‹የሥራ ርምጃ›› እንበለው።

ከሞተሩ ጋር አብሮ የሚዞር ከባድ ክብ ብረት አለ፤ ቮላኖ ይባላል። የፍሪሲዮን ሸራ ከቮላኖው ጋር ተጣብቆ የሚዞረው ከኋላው ያለው ተጫኝ ሰሃን በሞላ ኃይል ስለሚያጣብቀው ነው። ፔዳሉ ሲረገጥ የማላቀቂያው ኩሽኔታ ሄዶ የሰሃኑን ጣቶች ይገፋል፤ ጣቶቹ ሲገፉ ሰሃኑ ወደ ኋላ ይሸሻል፤ ሸራው ይለቀቃል። እግር ሲነሣ ደግሞ ኩሽኔታው ከጣቶቹ ትንሽ መራቅ አለበት። ይህቺው ክፍተት ናት ፔዳሉ ላይ ባዶ ርምጃ ሆና የምትታየው። ከጠፋች ኩሽኔታው ያለ ዕረፍት እየዞረ ይግላል፣ ይበላል፤ ጣቶቹንም በትንሹ እየገፋ ስለሚኖር ሰሃኑ ሸራውን በሙሉ ኃይሉ አይዝም። ያኔ ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናው አይሄድም፣ የተቃጠለ ሸራ ሽታም ይመጣል። እግሩን ፔዳሉ ላይ አሳርፎ የሚነዳ ሾፌርም በገዛ እግሩ የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በሸራው ማለቅ ላይ ነው። ሸራ ሲያልቅ ባዶ ርምጃ የምትረዝም ይመስላል፤ እውነቱ ተቃራኒው ነው። ሸራው ሲሳሳ ሰሃኑ ወደ ቮላኖው ይጠጋል። ጣቶቹ እንደ ሚዛን ክንድ መሐላቸው ላይ የተደገፉ ስለሆኑ አንደኛው ጫፋቸው ወደ ቮላኖው ሲሄድ ሌላኛው ወደ ኩሽኔታው ይመጣል። ክፍተቱ ይጠብባል፣ ባዶ ርምጃዋም ታጥራለች። ፔዳሉ ገና ሲነካ ‹‹ጥብቅ›› የሚል መኪና በብዙዎች ዘንድ የተመሰገነ ነው፤ እኔ ግን ጥብቅነቱን ሳይ መጀመሪያ የምጠረጥረው ሸራውን ነው።

ይህ ጉዳይ ለምሥራቅ ጎጃም ሰው ቅርብ ነው። ቢቸናም ሞጣም ከባሕር ወለል ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍ ብለው የተቀመጡ ከተሞች ናቸው። በዚያ ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከኃይሉ ሩብ ያህሉን ያጣል። ስለዚህ ሾፌሩ ዳገት ላይ ሲነሣ ፍሪሲዮኑን ረዘም አድርጎ ያንሸራትታል፤ ሸራ የሚያልቀውም እዚያ ነው። የቢቸናን ጤፍ ጭኖ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ አይሱዙ ከደጀን ወርዶ ዓባይን ከተሻገረ በኋላ እስከ ጎሃ ጽዮን ያለውን አቀበት መውጣት አለበት። በከተሞቹ ውስጥ የሚሠሩት ባጃጆችም የሚያዙት በዚሁ ሕግ ነው። የእነሱ ፍሪሲዮን በግራ እጅ የሚጨበጥ ነው፤ ባዶ ርምጃውም ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ስለሆነ በኬብሉ ላይ ባለች ማስተካከያ ይጠበቃል።

ነገሩ ቁልጭ ብሎ የሚታየው ግን በታደሱ አሮጌ መኪኖች ላይ ነው፤ በአገራችን ደግሞ ከእነዚህ ቀድሞ የሚነሣው ቮልስ ነው። ቮልስዋገን ቢትል በዓለም ላይ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2003 በሜክሲኮ ፑዌብላ ምርቱ ቆመ። በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ግን ዛሬም ቀለሙ ታድሶ፣ ኒኬሉ ተወልውሎ ሲያልፍ ይታያል። እ.ኤ.አ. ከ1955 እስከ 1974 የተሠራችው ውብ የስፖርት ቅርጽ ያላት ካርማን ጊያም ወለሏም ሞተሯም የእሱው ነው፤ የፍሪሲዮን አስተካከሏም እንደዚሁ።

በእነዚህ መኪኖች ፔዳሉን ከካምቢዮው ጋር የሚያገናኘው በወለሉ መሐል ባለው ዋሻ ውስጥ የሚያልፍ አንድ የብረት ኬብል ነው። ጫፉ ጥርስ አለው፤ በግራ የኋላ ጎማ በኩል ካምቢዮው ላይ ባለው ክንድ ቀዳዳ አልፎ ሁለት ክንፍ ባለው ዳዶ ይያዛል። መኪናው በክሪክ ከተነሣ በጠንካራ ማቆሚያ ሳይደገፍ ማንም ሥሩ አይግባ። የኬብሉን ጫፍ በፒንሳ ይዞ ዳዶውን በሌላው እጅ ማዞር ነው፤ ኬብሉ አብሮ ከተጠመዘዘ ዕድሜው ያጥራል። ክንዱ ላይ ዳዶው የሚያርፍባቸው ሁለት ጎድጓዶች አሉ፤ ክንፎቹ እዚያ ካልተቀመጡ የተስተካከለው ልክ በመንገድ ላይ ይፈታል። ከዚያ ማስመሪያ ከፔዳሉ አጠገብ አቁሞ ክብደት እስኪመጣ በእጅ መጫን። ከ10 እስከ 20 ሚሊሜትር ከሆነ ልክ ነው። ፔዳሉን ደጋግሞ ረግጦ እንደገና መለካትም አይቀርም፤ አዲስ ኬብል ከሆነ በተለይ።

ባዶ ርምጃ ከመጠን በላይ ከረዘመች የሥራ ርምጃ ታንሳለች፤ ፍሪሲዮኑ ሙሉ በሙሉ አይላቀቅም። ይህን የምትነግረን የኋላ ማርሽ ናት። ሞተሩ እየሠራ ፔዳሉን እስከ መጨረሻው ረግጦ፣ ጥቂት ሰከንድ ጠብቆ የኋላ ማርሽ ሲገባ የሚፋጭ ድምፅ ከተሰማ ርምጃዋ ረዝማለች፣ ወይም ሌላ ችግር አለ።

በዘይት ግፊት የሚሠሩት ፍሪሲዮኖች ሌላ ናቸው። እንደ ኤምጂ ቢ ባሉት የእንግሊዝ ስፖርት መኪኖች ላይ በፔዳሉ በኩል የሚዞር ማስተካከያ የለም፤ የሸራውን ማለቅ ዘይቱ ራሱ ያካክሰዋል። ታድሶ ቀለሙ የሚያበራ ኤምጂ ፔዳሉ ግማሽ መንገድ ባዶ ቢወርድ ብዙዎች ፖምፓውን ለመቀየር ይሮጣሉ። ከዚያ በፊት ፔዳሉን ከግፊት ዘንጉ ጋር የምታያይዘውን ፒን አውጥቶ ማየት ይገባል። ፒኗ ስትበላ፣ ቀዳዳዋም ሞላላ ስትሆን የፔዳሉ ርምጃ እዚያው ይቀራል። የፒኗ ዋጋ ከፖምፓው ጋር አይወዳደርም።

ኬብል ላለው መኪና፣ ለባጃጅም ቢሆን፣ አንድ ልማድ እንዲያዝ አጥብቄ እጠይቃለሁ፦ ባዶ ርምጃ በተስተካከለ ቁጥር ቀኑና ዳዶው የዞረበት አቅጣጫ በደብተር ይጻፍ። ሸራ ሲያልቅ ርምጃዋ ስለምታጥር ዳዶው ይላላል፤ ኬብል ሲለጠጥ ወይም ክሮቹ ሲበጠሱ ርምጃዋ ስለምትረዝም ዳዶው ይጠብቃል። ስለዚህ ደብተራችሁ ውስጥ ማላላት ብቻ ከተደጋገመ ሸራ አዘጋጁ፤ ማጥበቅ ብቻ ከተደጋገመ ደግሞ ኬብሉ መንገድ ላይ ሳይበጠስባችሁ ቀይሩት።