ከሐዲዱ እስከ ሶኬቱ

ጎበዝ፣ የኤሌክትሪክ መኪና አዳፕተር ልትገዙ ነው? ቆይ፣ መጀመሪያ ሞጆ እንውረድ።

በሞጆ አልፎ እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ የገባው የፈረንሳዮች ባቡር የሐዲዱ ስፋት 1 ሜትር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው፣ ቻይናዎች የሠሩትና ደረቅ ወደቡን የሚያገለግለው ደግሞ 1.435 ሜትር ነው። የድሮው ባቡር በአዲሱ ሐዲድ አይሄድም። ሠሪው ልኩንም ይዞ ይመጣል፤ እኛም ዕቃውን ስንቀበል ልኩን እንቀበላለን።

መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2024 የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህም ታሪኩ ያው ነው። ለቻይና ገበያ የተሠራ መኪና የቻርጅ አፉ ጂቢቲ ነው፤ ለአውሮፓ የተሠራው ታይፕ 2። ቮልስዋገን የሚለው ስም አይሸውደን፤ አይዲ 6 ለቻይና ገበያ የተሠራ ስለሆነ አፉ ጂቢቲ ነው።

አዳፕተር ግን አፍ ያገጣጥማል እንጂ ሽቦ አያወፍርም። ከ220 ቮልት ሶኬት 10 አምፔር መሳብ 2.2 ኪሎዋት ነው፤ ያውም ሌሊቱን ሙሉ። ቀጭን ሽቦ፣ የላላ ሶኬትና ዲቫይደር ይሄን አይችሉም፤ ይግላሉ፣ ይቀልጣሉ። ስለዚህ ከአዳፕተሩ በፊት ለኤሌክትሪሺያን እንክፈል፤ ኧርዝ ያለው፣ ለብቻው ከቆጣሪ የሚነሳ መስመር ይዘርጋልን።

ሐዲድ ሲቀየር የከፈለው አገር ነው። ሶኬት ሲቀልጥ ከፋዩ ቤታችን ነው።