ምክትሉ ማን ይሆን?

ከኦሞራቴ ቁልቁል ጥቂት ቢወርዱ የሚገኘው ጎረቤታችን ኬንያ በግንቦት 2014 ዓ.ም. መግቢያ ላይ አንድ ወሬ ብቻ ነበራት። ዊሊያም ሩቶ ምክትል ፕሬዚዳንት እንዲሆን የሚያጩት ማንን ነው? ራይላ ኦዲንጋስ? ጋዜጣው፣ ሬዲዮው፣ የማታቱ ተሳፋሪው ሁሉ ስም ይጥላል፣ ስም ያነሳል። ኬንያውያን በ2002 ዓ.ም. ባጸደቁት ሕገ መንግሥት መሠረት ለፕሬዚዳንትነት የሚወዳደር ሰው ምክትሉን ይዞ ነው ሕዝብ ፊት የሚቀርበው። መራጩም ሁለቱን በአንድ ድምፅ ይመርጣል። ግንቦት 7 ቀን ሩቶ ሪጋቲ ጋቻጓን ይዘው ወጡ፤ በማግስቱ ራይላ ማርታ ካሩዋን። ብዙ ሰው የጠበቀው ኪቱሬ ኪንዲኪን ነበር፣ ቀረባቸው። ታዲያ ጋቻጓ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ እንኳ ሳይቆዩ በጥቅምት 2017 ሴኔቱ ከሥልጣን አነሳቸውና ያ የቀረባቸው ኪንዲኪ ተተኩ። ገማቾቹ ለካ የተሳሳቱት ሰውየውን ሳይሆን ቀኑን ኖሯል።

ወደኛ ስንመለስ ግምቱ አለ፤ ድምፁ ነው የሌለው። «ከእሳቸው ቀጥሎ ማን ይሆን?» የሚለው ጥያቄ በዚህ አገር ከቡና ጋር አብሮ የሚፈላ ነው። ከጂንካ ማጎን አቋርጦ ሃና የደረሰ ሰው ሳይቀር ከመሀል አገር ይዞት የሚመጣው ዕቃ ይኸው ወሬ ነው። ግን የሚገመተው እንደ ኬንያው በምርጫ ወረቀት ላይ ስለሚታተም ስም አይደለም። በር ተዘግቶ ስለሚወሰን ጉዳይ ነው።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ዳግማዊ ምኒልክ ሲታመሙ የአገሩ ሁሉ ጭንቀት ይኸው ነበር። በግንቦት 1901 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ አልጋ ወራሽ መሆናቸው ታወጀ፤ ልጅ ነበሩና ራስ ተሰማ ናደው ሞግዚትና ባለሙሉ ሥልጣን እንደራሴ ሆኑ። ንጉሡ ታመው ወራሹ ልጅ በሆኑበት ቤት ዋናው ሰው ሁለተኛው ሰው ነው። ራስ ተሰማ ግን በ1903 ዓ.ም. ሞቱ፤ በእግራቸው የተተካ እንደራሴ አልነበረም። ከዚያ በኋላ የመጣውን ሁላችንም እናውቀዋለን። መስከረም 17 ቀን 1909 መኳንንቱ ልጅ ኢያሱን ሲያወርዱ ያንኑ ስህተት መድገም አልፈለጉም መሰለኝ፣ ሥልጣኑን ለሦስት ከፈሉት። ዘውዱ ለዘውዲቱ፣ አልጋ ወራሽነቱ ለራስ ተፈሪ፣ ጦሩ እንደነበረ ከፊታውራሪ ሀብተጊዮርጊስ ጋር። የውጭ ሰው ቢያየው የረጋ መንግሥት አይመስለውም፤ ግን ሀብተጊዮርጊስ በ1919 እስኪሞቱ ድረስ ሚዛኑን ጠብቆ ቆየ። እሳቸው ሲሞቱ ወደ ተፈሪ አዘነበለ፤ ንግሥቲቱ በመጋቢት 1922 ሲያርፉ ደግሞ አልጋ ወራሹ ንጉሠ ነገሥት ሆኑ።

ደርግ ምክትልን ይፈራ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። ኮሎኔል መንግሥቱ ራሳቸው የተነሡት ከምክትል ሊቀመንበርነት ነውና ወንበሩ ምን እንደሚያመጣ ያውቁታል። ሊቀመንበሩ ጄኔራል ተፈሪ በንቲ በጥር 1969 ተገደሉ፤ ሌላው ምክትል አጥናፉ አባተ በዚያው ዓመት ኅዳር ሳይሆን በተከታዩ ዓመት፣ በኅዳር 1970፣ ተከተሉ። በ1980 ሕዝባዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሲመሠረት ምክትል ፕሬዚዳንት የሚባል ወንበር ተሠርቶ ፍሥሐ ደስታ ተቀመጡበት። በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ተስፋዬ ገብረኪዳን ተሾሙ። ግንቦት 13 ቀን 1983 መንግሥቱ አገር ጥለው ሲወጡ ጄኔራሉ የወረሱት አገር ሳይሆን አንድ ሳምንት ነው። ግንቦት 20 ኢሕአዴግ አዲስ አበባ ሲገባ ጣሊያን ኤምባሲ ተጠለሉ፣ እዚያው ግቢ ውስጥ እንዳሉ በ1996 ሞቱ።

በ1987ቱ ሕገ መንግሥት ምክትል ፕሬዚዳንት የሚባል የለም። ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትር ግን አለ፤ አንቀጽ 75 በሁለት ሦስት መስመር ያልፈዋል። ጠቅላይ ሚኒስትሩ የሚሰጡትን ሥራ ያከናውናል፣ እሳቸው በማይኖሩበት ጊዜ ተክቷቸው ይሠራል፤ ተጠሪነቱም ለእሳቸው ነው። «በማይኖሩበት ጊዜ» የሚለው ሐረግ ሞትንም ይጨምር እንደሆነ ጽሑፉ ቁልጭ አድርጎ አልነገረንም። ለአሥራ ሰባት ዓመት ማንም ግድ አልሰጠውም። ምክትሎቹም ቢሆኑ መጡ፣ ሄዱ። ታምራት ላይኔ በጥቅምት 1989 ከሥልጣን ተባርረው ዘብጥያ ወረዱ፤ ካሱ ኢላላ፣ ተፈራ ዋልዋ፣ አዲሱ ለገሠ ተፈራረቁ። ተራ ሰው ከእነዚህ መሀል ነገ ጠቅላይ ሚኒስትር ይሆናል ብሎ የሚገምተው አልነበረም። ምክትልነት የግንባሩ አባል ድርጅቶች ድርሻ እንጂ የመተካካት መሰላል አልነበረማ!

በ2002 ምርጫ ማግስት ነገሩ ተለወጠ። አቶ መለስ ዘመኑ የመጨረሻዬ ነው ሲሉ የ«ማን ይሆን?» ገበያ ደራ። ከፊሉ ሰው ከነባር ታጋዮች መሀል ይፈልጋል፤ ከፊሉ ደግሞ «ከእነሱ አይወጣም» ብሎ ይምላል። በመስከረም 2003 አዳማ ላይ ኢሕአዴግ ጉባኤውን ሲጨርስ ምክትል ሊቀመንበርነቱ ለኃይለማርያም ደሳለኝ ሆነ፤ ብዙም ሳይቆይ ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትርነቱና የውጭ ጉዳይ ሚኒስትርነቱ ተጨመረ። የቦሎሶ ሶሬው ልጅ፣ የአርባ ምንጩ የውሃ ቴክኖሎጂ ተቋም ዲን፣ ፊንላንድ የተማረ መሐንዲስ፤ ጫካ ያልገባ፣ ጠመንጃ ያልያዘ፣ በዚያ ላይ ፕሮቴስታንት። ወሬኛው ሁሉ ሁለት ንባብ ነበረው። አንደኛው «ትክክለኛው ተተኪ ይኸው» ሲል ሌላው «ማንንም ስለማያስፈራ ነው የተመረጠው» ይላል። ሁለቱም አብረው እውነት ሊሆኑ እንደሚችሉ ማንም ያሰበ አይመስለኝም። ሩዝቬልት በ1944 እ.ኤ.አ. ትሩማንን ሲይዙ የተባለው ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ ሰውየው ምክትል ከሆኑ በ82ኛው ቀን ፕሬዚዳንት ሆነው አደሩ።

እኛ ደቡቦች ደግሞ የራሳችን ንባብ ነበረን። ኃይለማርያም ከአባተ ኪሾ ቀጥለው ክልሉን በፕሬዚዳንትነት መርተዋል፤ ሐዋሳ ተቀምጠው የፈረሙት ወረቀት ጂንካም ሃናም ይደርስ ነበር። ስለዚህ «ተራው የደቡብ ነው» ሲባል ደረቱን የነፋ አልጠፋም። ግን ደቡብ ማለት ምን ማለት ነበር? ከሃምሳ በላይ ሕዝብ በአንድ ስም ተጠቅልሎ የተቀመጠበት። ከአረካ እስከ ሃና ያለው ርቀት የመንገድ ብቻ አይደለም። ቦዲውና ሙርሲው፣ ዲሜውና ኩዌጉው በዚያ ኮታ ውስጥ መቆጠሩን የሰማ ስንቱ ይሆን? ቦዲ ኮሞሩት የሚለው አባት ከታወቀ ዘር የሚወጣ ነው፤ ሕዝቡ ማን እንደሆነ፣ ከማን ቤት እንደመጣ ያውቀዋል። አዲስ አበባ ላይ በስሙ የተያዘለትን ወንበር ግን አያውቀውም።

ወንበሩ ከተያዘ አራት ወር ሳይሞላ፣ ጥር 17 ቀን 2003፣ አቶ መለስ ጂንካ መጡ። የአርብቶ አደሮች ቀን ነበር። በታችኛው ኦሞ ግዙፍ የስኳር ልማት እንደሚጀመር የተናገሩት እዚያው ነው፤ የሚቃወሙትንም ሰዎች አርብቶ አደሩ በችግር ኖሮ የቱሪስት መስህብ እንዲሆን የሚፈልጉ ናቸው ብለው ወቀሱ። ኩራዝ የተባለው ፕሮጀክት ካረፈባቸው ወረዳዎች ዋናው ሃና ያለችበት ሰላማጎ ነው። የሸንኮራው ቦይ፣ የመንደር ማሰባሰቡ፣ ከሌላ አካባቢ የሚመጣው ሠራተኛ፣ የከብቱ ግጦሽ፤ ይህ ሁሉ የተወሰነው ምክትሉ «የእኛ» በሆነበት ዘመን ነው። በሰኔ 2004 ሂዩማን ራይትስ ዎች በሸለቆው ስለሚደረገው መፈናቀል ዘገባ አወጣ፤ መንግሥት አስተባበለ። ልብ በሉ፣ ምክትሉ ይህን ማስቆም ነበረበት ለማለት አይደለም። አንቀጽ 75 የሰጠውን ካየን የሚያስቆምበት መሣሪያ አልነበረውም። እኔ የምለው ስለ ኮታው ነው። የአንድ ሰው የትውልድ ቀበሌ ለሃምሳ ሕዝብ ድምፅ ሆኖ ሲቆጠር የሚጎድለው ሁሌም ዳር ያለው ነው።

በዚያው ክረምት አቶ መለስ ከሕዝብ ዓይን ጠፉ። የሐምሌው የአፍሪካ ኅብረት ስብሰባ ያለ እነሱ ተካሄደ፤ ወሬው ሰማይ ነካ። ነሐሴ 15 ቀን 2004 ማለፋቸው ተነገረ። ያ ለአሥራ ሰባት ዓመት ማንም ያላነበበው አንቀጽ 75 በአንድ ሌሊት የታክሲ ውስጥ መነጋገሪያ ሆነ። ከወር በኋላ፣ መስከረም 11 ቀን 2005፣ ኃይለማርያም ቃለ መሐላ ፈጸሙ፤ ምክትላቸው ደመቀ መኮንን። ኅዳር ላይ ሙክታር ከድርና ደብረጽዮን ገብረሚካኤል በምክትል ጠቅላይ ሚኒስትር ማዕረግ ተጨመሩ። አንድ ጠቅላይ ሚኒስትር፣ ሦስት ምክትል፤ አራቱ ድርጅቶች እኩል ቁጭ አሉ። የ1909ኙ መኳንንት ቢያዩት ባልገረማቸው።

የካቲት 8 ቀን 2010 ኃይለማርያም በገዛ ፈቃዳቸው ለቀቁ። ያን ጊዜ ምክትሉ ደመቀ ነበሩ፤ ግን ከውድድሩ ራሳቸውን አገለሉና መጋቢት 24 ቀን ዐቢይ አህመድ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። ደመቀ በምክትልነታቸው እስከ ጥር 2016 ቀጠሉ፣ ከዚያ ተመስገን ጥሩነህ ተተኩ። ገማቾች አሁንም ሥራ አልፈቱም። የሚቸግራቸው ሒሳቡ ነው፤ «ደቡብ» የሚባለው ክልል የለም። ሲዳማ በ2012 ወጣ፣ ደቡብ ምዕራብ በ2014፣ በነሐሴ 2015 የቀረው ለሁለት ተከፈለ። ሃና ዛሬ መቀመጫው ወላይታ ሶዶ በሆነ ክልል ሥር ናት፤ «ተራው የደቡብ ነው» የሚል ሰው አሁን ከአራቱ የትኛውን ማለቱ እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል።