ሆስፒታሉ ያላየው እግር

ከቡሬ ወደ እንጅባራ የሚወስደው መንገድ ጥሊሊን አቋርጦ ያልፋል። የአካባቢው አየር ደጋ፣ አፈሩ ቀይ ነው። እንዲህ ባለው የአዊና የጎጃም ቀይ አፈር ላይ ገበሬው ለዘመናት በባዶ እግሩ አርሷል። አፈሩ እህል ይሰጠዋል፤ የአንዳንዱን ጤና ደግሞ ይወስዳል።

በሽታው ዝሆኔ ይባላል። እግር ቀስ በቀስ ያብጣል፣ ቆዳው ይሻክራል፣ ይቆስላል። በየጊዜው ትኩሳትና ሕመም እየተነሳበት በሽተኛውን ለቀናት አልጋ ላይ ያውለዋል። ሰውየው ከሰርግም ከለቅሶም ይቀራል። «በዘር ነው» እየተባለም ልጆቹ የትዳር አጋር ያጣሉ።

የሕክምና መጻሕፍት ለረጅም ጊዜ ዝሆኔን በትንኝ ከሚተላለፍ ትል ጋር ብቻ ሲያያይዙት ኖረዋል። ይህ እንደ ጋምቤላ ላሉ ቆላማ ቦታዎች ይሠራል። የደጋውን ሰው በሽታ ግን አያስረዳም። እውነቱ የወጣው ደግሞ ከሆስፒታል አልጋ ሳይሆን ከገበያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 የታተመው የሆላንዳዊው ሐኪም ኡመን ጥናት በኢትዮጵያ 56 ገበያዎች የሰዎችን እግር ተመልክቶ፣ ከ100 አዋቂዎች ሦስት የሚጠጉት ዝሆኔ እንዳለባቸው ገመተ። ቀደም ሲል የሥጋ ደዌ ሐኪም የነበረው እንግሊዛዊው ኧርነስት ፕራይስም በ1970ዎቹ በሽታውን ከአፈሩና ከአየሩ ጋር አነጻጸረ፤ በበሽተኞች ንፍፊት ውስጥም ከአፈር የገቡ ጥቃቅን ቅንጣቶችን አገኘ። በኋላ «ፖዶኮኒዮሲስ» ብሎ ሰየመው፤ ከግሪክ ቋንቋ የተወሰደ ሲሆን እግርንና አቧራን የሚያጣምር ስም ነው።

ታዲያ ስለምን ገበያ? በዚህ በሽታ የተያዘ ሰው ሆስፒታል ስለማይሄድ ነው። በሽታው ቶሎ አይገድልም፤ በሽተኛው ያፍራል፤ መንገዱም ሩቅ ነው። በሩ ላይ የተሰለፈውን ብቻ የሚያጠና ሆስፒታል እንዲህ ያለውን ሰው አይቆጥረውም። ያልተቆጠረ በሽታ ደግሞ በጀት አያገኝም።

ሌላ መንገድ እንዳለ የጎንደር ታሪክ ያሳያል። በ1953 በደንቢያ የወባ ወረርሽኝ ሕዝቡን ከፈጀ በኋላ፣ በ1954 የጎንደር የጤና ኮሌጅ ተቋቋመ። የጤና መኮንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ሠራተኞችን በቡድን አሠልጥኖ ወደ ገጠር ይልክ ነበር። ኮሌጁ ሲቋቋም ጥያቄው የመጣው ከገጠሩ ነበር።

ዝሆኔ ግን እንደ ወባ ድንገት አልጮኸም። የዓለም ጤና ድርጅት ትኩረት ከተነፈጋቸው በሽታዎች ተርታ የመደበው በ2011 ነው። በ2013 የተካሄደው አገር አቀፍ ቅኝት በኢትዮጵያ 1.5 ሚሊዮን ገደማ ሰዎች በሽታው እንዳለባቸው ገመተ። በ2012 የወጣ የዘረ መል ጥናት ደግሞ አንዳንድ ሰው በተፈጥሮው ለበሽታው የበለጠ ተጋላጭ መሆኑን አሳየ። ሕዝቡ «በዘር ነው» ሲል ግማሹን አውቆት ነበር ማለት ነው። ያልተነገረው ግማሽ ግን የሚበልጠው ነው፦ ተጋላጭ ሆኖ የተወለደ ልጅም ከሕፃንነቱ ጀምሮ ጫማ ቢጫማ በሽታው አይዘውም።

ሕክምናውም ቢሆን ውሃ፣ ሳሙና፣ ቅባት፣ ፋሻና ጫማ ነው። በምሥራቅ ጎጃም 696 በሽተኞችን ያሳተፈና በ2018 የታተመ ሙከራ ይህን መዘነ። እንክብካቤውን ባገኙት ላይ ሕመሙ በዓመት በአማካይ 19 ጊዜ ገደማ ሲነሳ፣ ገና ባላገኙት ላይ 24 ጊዜ ገደማ ተነሣ። በክረምት ለሚያርስ ሰው ይህ የአዝመራ ጉዳይ ነው።

ሳሙናና ጫማ የፈጠራ መብት አያስገኙም፤ ትልቅ ኩባንያም አይከተላቸውም። ስለዚህ ጥያቄውን መጠየቅ ያለባቸው በጎንደር፣ በባሕር ዳርና በደብረ ማርቆስ ያሉት የራሳችን ዩኒቨርሲቲዎች ናቸው። የምርምር ርዕስ ሲመረጥ ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ ብቻ ሳይሆን ማን እንዳልመጣም ይጠየቅ። ጥሊሊ ገበያ ላይ እግሩን በጋቢ ሸፍኖ የተቀመጠው ሰው ወደ ሆስፒታሉ ካልሄደ፣ ሆስፒታሉ ወደ እሱ መሄድ አለበት።