አካባቢያዊ እና ዓለማዊ ኮኦርዲኔት

አካባቢያዊ ኮኦርዲኔት በኮምፒውተር ጨዋታ ስክሪፕት ውስጥ የአንድን ነጥብ ቦታ ከአንድ ዕቃ አንጻር የሚገልጹ ቁጥሮች ማለት ነው። ዓለማዊ ኮኦርዲኔት ደግሞ ያንኑ ነጥብ ከጠቅላላው ካርታ መነሻ አንጻር ይገልጻል። አንዱን ወደ ሌላው መለወጥ ነጥቡን አያንቀሳቅሰውም፤ የሚለወጠው መለኪያው ነው።

ከደምበጫ ወደ ፍኖተ ሰላም ሲሄዱ በግራ የታየ ቤት ሲመለሱ በቀኝ ይታያል። ቤቱ ግን ከቦታው አልተነሣም። «ግራ» እና «ቀኝ» የተጓዡ አካባቢያዊ አቅጣጫዎች ሲሆኑ «ምሥራቅ» እና «ሰሜን» ዓለማዊ ናቸው።

ከአካባቢያዊ ወደ ዓለማዊ

በጨዋታ ውስጥ ያለ ባጃጅ ከካርታው መነሻ 120 ሜትር ወደ ምሥራቅና 40 ሜትር ወደ ሰሜን ቆሟል እንበል። የግራ ስፖኪዮው ከባጃጁ መካከል 1 ሜትር ወደ ፊት፣ 0.6 ሜትር ወደ ግራ ነው። የመዞሪያው ማዕዘን ከምሥራቅ ተነሥቶ ከሰዓት አቆጣጠር በተቃራኒ ይለካል። ቀመሩ፦

ምሥራቅ = የባጃጁ ምሥራቅ + ፊት × ኮሳይን − ግራ × ሳይን
ሰሜን = የባጃጁ ሰሜን + ፊት × ሳይን + ግራ × ኮሳይን

ባጃጁ ወደ ሰሜን ከዞረ ማዕዘኑ 90 ዲግሪ፣ ኮሳይኑ 0፣ ሳይኑ 1 ነው። ስለዚህ ስፖኪዮው በምሥራቅ 119.4፣ በሰሜን 41 ላይ ይገኛል። የዕቃው መጠን ከተለወጠ አካባቢያዊ ቁጥሮቹ አስቀድመው በመጠኑ ይባዛሉ። ቅደም ተከተሉ ማባዛት፣ ማዞር፣ ከዚያም ቦታውን መደመር ነው።

ከዓለማዊ ወደ አካባቢያዊ

እዚህ ሥራው ከኋላ ወደ ፊት ይሠራል፤ መጀመሪያ የዕቃው ቦታ ይቀነሳል፣ ቀጥሎ በተቃራኒው ይዞራል፣ በመጨረሻ በመጠኑ ይካፈላል።

ፊት = የምሥራቅ ልዩነት × ኮሳይን + የሰሜን ልዩነት × ሳይን
ግራ = የሰሜን ልዩነት × ኮሳይን − የምሥራቅ ልዩነት × ሳይን

አንድ ተሳፋሪ በምሥራቅ 120፣ በሰሜን 30 ላይ ቢቆም ለዚሁ ባጃጅ «ፊት» −10፣ «ግራ» 0 ይሆናል። ምልክቱ አሉታዊ ስለሆነ ተሳፋሪው ከኋላ ነው። አንድ ጠላት ተጫዋቹን ማየት አለማየቱን የሚወስኑ ስክሪፕቶች በዚህ ስሌት ይጠቀማሉ።

በጨዋታ ሞተሮች

በዩኒቲ «ትራንስፎርምፖይንት» እና «ኢንቨርስትራንስፎርምፖይንት»፣ በጎዶት «ቱ ግሎባል» እና «ቱ ሎካል»፣ በሮብሎክስ «ፖይንትቱወርልድስፔስ» እና «ፖይንትቱኦብጀክትስፔስ» የተባሉት ትእዛዞች ይህን ሥራ ያከናውናሉ። አቅጣጫ ሲለወጥ ግን ቦታ አይደመርም። «ወደ ፊት» የሚለው ቬክተር ባጃጁ የትም ቢቆም ከመዞሩ በቀር አይለወጥም። በብዙ የፕሮግራም ቋንቋዎች ሳይንና ኮሳይን ማዕዘንን በራዲያን ስለሚቀበሉ 90 ዲግሪ 1.5708 ገደማ ሆኖ ይገባል።

ሰፊ ካርታ

እውነተኛ መልክዓ ምድርን ወደ ጨዋታ ማስገባት ሌላ ችግር ያመጣል። ደምበጫ በዩቲኤም ሥርዓት በ37ኛው ሰሜናዊ ዞን ትገኛለች፤ የሰሜን ቁጥሯ ከምድር ወገብ ስለሚቆጠር ከ1,160,000 ሜትር በላይ ነው። በዚህ ርቀት በ32 ቢት ፍሎት በተከታታይ ቁጥሮች መካከል ያለው ክፍተት 12.5 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል። በዝግታ የሚሄደው ባጃጅ እየዘለለ ይሄዳል፣ ስፖኪዮውም ይንቀጠቀጣል። መፍትሔው በከተማዋ ውስጥ አንድ ነጥብ መነሻ አድርጎ መምረጥ፣ ቅነሳውን በ64 ቢት መሥራት፣ ከዚያ ውጤቱን ወደ 32 ቢት መለወጥ ነው። ከአዲሱ መነሻ እስከ 8 ኪሎ ሜትር ድረስ ክፍተቱ ከግማሽ ሚሊ ሜትር ያንሳል።

የካርታው መሠረትም መታወቅ አለበት። የቀድሞ የኢትዮጵያ ካርታዎች በአዲንዳን ዳተም ሲሠሩ ጂፒኤስ በደብልዩጂኤስ 84 ይሠራል። ሁለቱን ሳይለውጡ የቀላቀለ ሰው መንገዱን ከ100 ሜትር በላይ አዛንፎ ያስቀምጠዋል።